መጀመሪያ ሽንት ቤቱ፦ የእማዬን ቤት ለዊልቸር ያመቻቸነው እንዲህ ነው

ቤት ውስጥ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ሲኖር ዘመድ አዝማዱ መጀመሪያ የሚያነሳው ራምፕን፣ በደረጃ ፋንታ ዊልቸር የሚወጣበትን ተዳፋት ነው። ግንበኛውም እንደዚያው። ራምፕ ከውጭ ይታያል፤ ሥራው የተጠናቀቀ ያስመስላል። እኔ ግን የእናታችንን ቤት ካስተካከልን በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ሌላ ነው። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሽንት ቤቱ ላይ አውሉት። ከቤት መውጣት በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው፤ እሱንም ጎረቤት ተጠርቶ፣ ወንበሩ ተይዞ፣ በመተባበር ይወጣል። ሽንት ቤት ግን በየቀኑ ነው፣ ደጋግሞ ነው፣ ሌሊትም አለ። እዚያ ሰው ተሸክሞ ሲያስገባው ደስ የሚለው የለም። የሚያፍር ሰው ደግሞ የራሱን መላ ይፈልጋል፤ መጠጣት ይተዋል። እማዬ ከሆስፒታል በወጣች ሰሞን ከሰዓት በኋላ ሻይ ሲቀርብላት "ጠጥቻለሁ" ማለት ጀምራ ነበር። ሳትጠጣ።

እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ግፊት ነበረባት፣ ስትሮክ መታት፣ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ደከሙ። ንግግሯ ቀስ በቀስ ተመልሷል። አእምሮዋም እንደ ድሮው ነው፤ የማን ልጅ መቼ እንደተዳረ ዛሬም የምንጠይቀው እሷን ነው። መራመድ አትችልም። ግን ጠንካራ ነገር በግራ እጇ ከጨበጠች በግራ እግሯ ለአፍታ ትቆማለች። ይህችን ለአፍታ መቆም ያዙልኝ፤ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሥራ በሙሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው።

የራሷ ቤት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። እንደ አብዛኞቹ የ20/80 ህንፃዎች ከምድር በላይ አራት ፎቅ ያለውና ሊፍት የሌለው ነው። በቅርብ ዓመታት በወጡት ዕጣዎች ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ተይዞ ነበር፤ ጥሩ ነገር ነው። እማዬ ግን ዕጣው ሲወጣላት ዘንቢሏን ይዛ ደረጃውን የምትወጣ ሴት ነበረች። ጉዳት ዕጣ ከወጣ በኋላም ይመጣል፤ ያኔ ሰውና ቤቱ አይጣጣሙም።

መጀመሪያ ላይ የብሎኩ ወጣቶች በፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠው ያወጧትና ያወርዷት ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ አንድ ቀን ፊታቸውን አጥቁረው አያውቁም። ነገር ግን የደረጃው መዞሪያ ጠባብ ነው፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ይረጥባል፤ ከላይ የያዘው ልጅ አንድ ጊዜ ቢያዳልጠው ሁሉም ተያይዘው ነው የሚወርዱት። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔያችን ከግንባታ ጋር የተያያዘ አልነበረም። የእማዬን ቤት አከራይተን እዚያው ብሎክ ምድር ላይ ያለ ቤት ተከራየን። እህቴ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ቤት ሌላ ሰፈር አግኝታ ነበር። እማዬ እምቢ አለች። "የሚጠራኝ ሰው የሌለበት ሰፊ ቤት ምን ያደርግልኛል?" ነው ያለችው። ልክ ናት። ዕድሯ እዚህ ነው፣ ቡና የሚጠሯት ሴቶች እዚህ ናቸው፣ ደግሞም አንድ ነገር ሲሆን በሩን አንኳኩቶ የሚገባ ጎረቤት ከማንኛውም የብረት መደገፊያ ይበልጣል።

የተከራየነው ቤት ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ግድግዳ እናፈርሳለን ስንላቸው ደነገጡ፤ ማንም ይደነግጣል። ህንፃውን ሊጥሉብኝ ነው ብለው ነው። የሚያውቁት መሐንዲስ መጥቶ አስረዳቸው፦ የነዚህ ህንፃዎች ክብደት ያለው ኮለኑና ቢሙ (የኮንክሪቱ ምሰሶና አግዳሚ) ላይ ነው፣ ክፍል የሚለየው ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ ኮለን እስካልተነካ ድረስ በር ማስፋት ይቻላል። ከዚያ በኋላ በጽሑፍ ተስማማን። ምን እንደምንሠራ ተዘረዘረ፤ ስንለቅ የሽንት ቤቱን በር ወደ ነበረበት ልንመልስ፣ ራምፑና መደገፊያዎቹ ግን እንዲቀሩ ተባለ። በቃል ብቻ አትስማሙ። ሰውየው ደግ ቢሆኑም ነገ ቤቱን የሚረከበው ልጃቸው ነው።

አሁን ወደ ወንበሩ። ወንድሜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። የሰማ ዕለት "ዊልቸር ልላክ" አለ፤ ሰፊ፣ በባትሪ የሚሄድ፣ አለ የተባለውን። ቆይ አልኩት። የባትሪው ወንበር ከባድ ነው፤ ታክሲ ላይ ለመጫን አይነሳም፣ ሲበላሽም ዕቃ ፍለጋው ሌላ ጣጣ ነው። ስፋቱስ? መቀመጫው 18 ኢንች የሆነ ተራ ዊልቸር ከጎማ እስከ ጎማ ሲለካ ወደ 65 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ባለ 16 ኢንቹ ወደ 60 ይወርዳል። እማዬ ቀጭን ናት፣ 16ቱ ይበቃታል። 5 ሴንቲሜትር ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል፤ በር ላይ የእጅ ቆዳ የምትልጠው እሷ ናት።

ፊዚዮቴራፒስቷ ቤት ድረስ መጥታ እማዬን ካየቻት በኋላ አንዳችንም ያላሰብነውን ነገር አነሳች። እንደ እማዬ አንድ ጎኑ የደከመ ሰው ሁለቱን ጎማ በሁለት እጅ አይገፋም። በደህና እጁ አንዱን ጎማ ይገፋል፣ በደህና እግሩ መሬቱን እየሳበ ይመራል። ለዚያ ደግሞ ተረከዙ መሬት መንካት አለበት። የተራ ዊልቸር መቀመጫ ከመሬት 50 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ለአጭር ሰው እግር ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወደ 45 ዝቅ ብሎ የሚሠራ ወንበር አለ። እሱን፣ ክንዱ የሚነቀል፣ የእግር ማሳረፊያው ወደ ጎን የሚዞር ይሁን ብላ ጻፈችልን፣ ለወንድሜ ላክንለት። በተረፈው ገንዘብ ደህና ትራስ ገዛ። ትራሱ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው መቀመጫው ላይ ቁስል ይወጣል፣ የደከመው ጎን ስሜቱ ስለሚቀንስ ቁስሉ ሲጀምር አይታወቀውም። ጥሩ ትራስም ኖሮ በየግማሽ ሰዓቱ ክብደቷን ወደ አንድ ጎን ጋደል እንድታደርግ እናስታውሳታለን።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሽንት ቤቱ 1.30 ሜትር በ2.10 ነው። በመመሪያዎች ላይ ዊልቸር ዙሪያውን እንዲዞር 1.50 ሜትር ያስፈልገዋል ይላል። እዚህ የለም፣ ሊኖርም አይችልም፤ በአንድ በኩል ግድግዳው ማዶ የጎረቤት ቤት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ተስፋ ይቆርጥና ከአልጋ ሥር ፖፖ ያስቀምጣል። እኛ ጥያቄውን ቀየርነው። ወንበሩ እንዲዞር ሳይሆን እማዬ እንድትዞር ምን ያስፈልጋል? ለአፍታ መቆም ትችላለች አላልኩም?

በሩ ይቅደም። ክፈፉ 70 ሴንቲሜትር ነበር፤ በሩ ተከፍቶ ሲቆም ግን የሚተርፈው ክፍተት 64 ነው። ስትለኩ ይህንን ክፍተት ለኩ፣ በሩን አይደለም። 60 ሴንቲሜትር ወንበር በ64 ያልፋል ብሎ ማሰብ አይሠራም፤ ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ ወንበሩ እየታጠፈ ነው የሚገባው፣ የእማዬ እጅም ጎማው ላይ ነው። ግንበኛው ኮለን አለመኖሩን አረጋግጦ፣ የመብራት ሽቦ የሚያልፍበትን አይቶ፣ መስመሩን በግራይንደር ቆርጦ ከዚያ በኋላ ነው መዶሻ ያነሳው። እንደዚያ ካልሆነ ብሎኬቱ ያለልክ ይረግፋል። ከላይ ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ተሻገረበት፣ ጫፍና ጫፉ ግድግዳው ላይ 20 ሴንቲሜትር ገብቶ። አሁን ክፍተቱ 82 ነው። አዲሱ በር ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ይህንን አስምሩበት። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ኋላ ሰው ከወደቀ፣ የወደቀው ሰው ራሱ በሩን ይዘጋዋል፤ ለማዳን በሩን መስበር ነው። መወርወሪያውም ከውጭ በሳንቲም የሚከፈት ነው። እማዬ በሯን ዘግታ ትቀመጣለች፣ እኛም አንሰጋም።

የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከበሩ ሲገባ በግራ በኩል ነው፣ ይሄ ዕድል ነው። እማዬ ፊቷን ወደ ውስጥ አድርጋ ትገባለች፣ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ የተተከለውን ብረት በግራ እጇ ትጨብጣለች፣ ትቆማለች፣ በግራ እግሯ ሩብ ዙር ትዞራለች፣ ትቀመጣለች። ስትቀመጥ ያው ብረት በግራዋ በኩል ይሆናል፤ ለመነሳትም የምትይዘው እሱኑ ነው። አንድ ብረት ሁለቱንም ይሠራል። ፊዚዮቴራፒስቷ ይህንን ያገኘችው እማዬን ባዶ ሽንት ቤት ውስጥ አስቀምጣ፣ "በይ ተነሺ፣ እጅሽ የት ሄደ?" እያለች በጠመኔ ምልክት በማድረግ ነው። በመመሪያ ላይ ያለው ከፍታ ከ84 እስከ 91 ሴንቲሜትር ነው። የእማዬ እጅ የሄደው 80 ላይ ነው። 80 ላይ ተከልነው።

መደገፊያውን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። የብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። በድሪል ቀዳድቶ፣ ፊሸር ከቶ፣ በቪስ የታሰረ ብረት የፎጣ መስቀያ ነው የሚሆነው። ሰው ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት ይነቀላል፤ የሚነቀለው ደግሞ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። የኛ በያጅ ያደረገው እንዲህ ነው፦ ብሎኑ ግድግዳውን በስቶ ከዚያ ማዶ ወጣ። ከሁለቱም በኩል ወፍራም የላሜራ ቁራጭ ተደርጎ ዳዶው ተጠበቀ። ማዶው የራሳችን ወጥ ቤት ስለሆነ ቀለም ቀብተን ተውነው። ብረቱ ክብ ነው፣ እጅ ሞልቶ የሚጨበጥ፣ ከግድግዳው 4 ሴንቲሜትር ያህል የራቀ፤ ከዚያ ከሰፋ ክንድ ሾልኮ ይገባና ይያዛል። እማዬ ሳትነካው በፊት እኔና በያጁ ተንጠለጠልንበት።

የመቀመጫው ከፍታ 40 ሴንቲሜትር ነበር፣ ዊልቸሩ 45። ቧንቧ ሠራተኛው ነቅሎ ሥሩ 5 ሴንቲሜትር ኮንክሪት አስቀመጠበት። ከዝቅተኛ ነገር መነሳት ለአንድ እግር ከባድ ነው፤ እኩል ሲሆን ግን ሸርተት ማለት ይሆናል። ስትመለስ ግን የሚቀድመው የደከመው ጎኗ ነው፤ ስለዚህ ያኔ ሰው በቀኟ ይቆማል። ቆሞ ብቻ ነው፣ አይሸከምም። ሲወጣም ወንበሩን ወደ ኋላ የሚስብላት ሰው ያስፈልጋል።

ለመታጠቢያው ብዙ አላወጣንም፤ ወለሉ ቀድሞም ደፍ የለውም፣ ውሃው ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። የሚያዳልጠውን ሴራሚክ ሻካራ በሆነ ቀየርነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ሻወር ብቻ ታሳቢ አድርጎ መሥራት አይሆንም። ባልዲው ጠንካራ ዱካ ላይ ከግራዋ ይቀመጣል፣ በጆግ ራሷ ትጨልፋለች። የቦይለር ውሃ ግን ሁልጊዜ በግራ እጇ ሞክራ ነው፤ ቀኟ ሙቀት በደንብ አይለይም፣ ሳታውቀው ሊያቃጥላት ይችላል።

መኝታ ክፍሉ ቀላል ነበር። አልጋው ተዞረ፤ በግራዋ በኩል እንድትወርድ። እግሩ ተቆርጦ ከፍራሹ ጋር 45 ሆነ። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ወጣ።

ሳሎኑ ግን ክርክር ነበረው። ዊልቸሩ እንዲዞር ቦታ ያስፈልጋል፣ ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ ሶፋ አለ፣ ቡፌ አለ፣ ጠረጴዛ አለ። ልጆች ተሰብስበን ቡፌው ይውጣ ብለን ወሰንን። ማን ይጠቀምበታል? ብርጭቆ ብቻ ነው ያለበት። እማዬ ሰማችን። "ቡፌው የኔ ነው፣ አባታችሁ ነው የገዛልኝ። ሶፋው ይውጣ። እንግዳ እኔን ሊያይ ነው የሚመጣው፣ በወንበር ይቀመጥ።" ተፈጸመ። ሶፋው እህቴ ቤት ሄደ፣ መሃሉ ተከፈተ፣ የሚደረደሩ ወንበሮች ገዛን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ሳትኖር ምንም ነገር አንወስንም። ሰው እግሩ ስለደከመ ቤቱ የሌላ ሰው አይሆንም።

ራምፑ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዋጋም ትልቁን ድርሻ የወሰደው እሱ ነው። መግቢያው ላይ ሦስት ደረጃ አለ፣ እያንዳንዱ 15 ሴንቲሜትር፣ በድምሩ 45። ለራምፕ የሚታወቀው መጠን 1 ለ12 ነው፦ ለ1 ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት። 45 ሲባዛ በ12፣ 5.40 ሜትር። ግንበኛው ሰምቶ ሳቀ፤ "በሁለት ሜትር እጨርስላችኋለሁ" አለ። በሁለት ሜትር የተሠራ ራምፕ ዳገት ነው። ጠንካራ ሰው እየገፋ ያወጣት ይሆናል፣ ሲያወርዳት ግን ወንበሩ ያመልጠዋል። ከተማችን ውስጥ እንደዚያ ያለ ራምፕ የባንክ በር ላይ፣ የፋርማሲ በር ላይ ሞልቷል። ፊት ለፊት ያለው ቦታ 5.40 ስለማይበቃ ግድግዳውን ተከትሎ 2.70 ሜትር ይወርዳል፣ 1.50 ሜትር ጠፍጣፋ ማረፊያ ላይ ይታጠፋል፣ ከዚያ ሌላ 2.70። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ጎንና ጎኑ 10 ሴንቲሜትር ጠርዝ አለው ጎማ እንዳይወጣ። ላዩ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተጭሮ ሻካራ ሆኗል። ሴራሚክ ላንጥፍላችሁ ያለ ሰው ነበር፤ ለሐምሌ ዝናብ ሴራሚክ አይሆንም። በታች የዝናብ ውሃ የሚሄድበት ቦይ ስላለ ቱቦ ተቀብሮለታል።

ቦታው ግን የኛ አይደለም፣ ያከራዩን ሰውም አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ህንፃ ቤት አዋጅ መሠረት ከቤቱ ውጭ ያለው የሁሉም የጋራ ነው። ስለዚህ ለብሎካችን ኮሚቴ ደብዳቤ ጻፍን፣ ንድፉን አያያዝን። አንድ ሰው መኪና የማቆምበት ይጠባል አለ፤ ሌላዋ ልጆች ይንሸራተቱበታል አለች። ሰው ይህን ሲያነሳ አትቆጡ፣ ቦታው የነሱም ነው። በመስመር አሳየናቸው፣ መኪናው ግማሽ ሜትር ወደዚያ ፈቀቅ አለ፣ ተፈረመ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለዊልቸር ተጠቃሚ መግቢያ ይኑር ያለው ስለ ህዝብ መገልገያ ህንፃ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ተቀብላለች። መኖሪያ ቤት ላይ ግን የሚገፋው ቤተሰብ ነው፣ የሚከፍለውም ቤተሰብ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ውጭ አገር የሚልክ ወንድም የሌላት እናትም እዚሁ ብሎክ ውስጥ አለች። ልጆቹ ይንሸራተቱበታል፣ እውነት ነው። ውሃ የሚያመላልሱት ግን ጀሪካናቸውን በጋሪ በራምፑ ነው የሚያወጡት፣ የጋዝ ሲሊንደር የሚያመጣውም በእሱ ነው። ያቺ ስለ ልጆቹ የሰጋችው ጎረቤት አሁን ጉልበቷን ስላመማት ደረጃውን ትታ የራምፑን ብረት ይዛ ነው የምትወጣው።

ቡናውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እማዬ ቡና የምታፈላው እንደማንኛዋም ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ረከቦቱ መሬት ላይ ሆኖ ነበር። ዊልቸር ላይ ሆና ወደ መሬት ጎንበስ ማለት አደጋ ነው፤ ወደ ፊት ትደፋለች። አናጢው ጉልበቷ ሥር የሚገባ ጠረጴዛ ሠራላት፣ ከታች 70 ሴንቲሜትር ክፍት የሆነ። ከሰሉ ቀረ፤ ጠረጴዛ ላይ ከሰል አይታሰብም። ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገባ፣ ሽቦው በኋላ በኩል እንዳይጠለፍ ታስሮ። ዙሪያውን የእንጨት ጠርዝ አለው፣ ጀበናው ሸርተት ቢል እንኳ ጭኗ ላይ አይመጣም። የምትቆላው የእህቴ ልጅ ናት፤ እማዬ ትቆጣጠራለች፣ "አሁን አውጪው፣ ሊያር ነው" ትላለች። የምትቀዳው ግን ራሷ ናት፣ በግራ እጇ። መጀመሪያ ሲኒው ላይ ታፈስ ነበር፣ አሁን አታፈስም። ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል፣ እሷም ሦስተኛውን ሳትጠጣ አትነሳም። ሽንት ቤቱ ባይስተካከል ኖሮ ይሄ ቡና አይኖርም ነበር፤ ቅደም ተከተሉን አጥብቄ የምነግራችሁ ለዚህ ነው።

ያልጨረስነው አለ። ወጥ ቤቱ ገና ነው፤ ዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቁም ሳጥን ተነስቶ ለጉልበቷ ቦታ መከፈት አለበት፣ ሽንኩርት ተቀምጣ መክተፍ ትፈልጋለች፣ በአንድ እጅ ለመክተፍ የሚይዝ ሚስማር ያለው መክተፊያም አናጢው ጀምሮልናል። ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ያለው ኮብልስቶን የተነቃቀለ ስለሆነ ቤተክርስቲያን ስትሄድ ወንበሩን ወደ ኋላ ጋደል አድርገን፣ ትናንሾቹን ጎማዎች ከመሬት አንስተን ነው የምንገፋት። ኮሚቴው ከክረምት በኋላ ድንጋዩ ተነስቶ እንዲነጠፍ ገንዘብ እያሰባሰበ ነው፣ እማዬም የድርሻዋን ከፍላለች።